ከ15ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ላነበባችሁልኝ

ይህ፣ አንድ ልብ ወለድ በድምፅ ቀድታችሁ ላሰማችሁኝ ሁሉ፣ የምስጋና መልእክት ነው። ትንሽ ይረዝማል። የማመሰግነው ሰው ብዙ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ነበርኩ። ያኔም ዓይኔ አያይም። አንዲት የዶርም ጓደኛዬ ማታ ማታ ልብ ወለድ ታነብልኝ ነበር። የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው፤ ከሷም ከኔም ዕድሜ ይበልጣል። ሽፋን የለውም። ገጹን በገለጠች ቁጥር የአሮጌ ወረቀት ሽታ ይመጣልኛል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ፣ መብራት እስኪጠፋ ታነባለች። 14ኛውን ምዕራፍ እንደጨረስን ባለቤቱ መጣና መጽሐፉን ወሰደ። ቀጥሎ ፈተና ሆነ። ቀጥሎ ምደባ ወጣና ተለያየን። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳላውቅ 30 ዓመት ኖርኩ።

ለሚያይ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። ፈልጎ ማንበብ ነው። ለእኔ ግን መጽሐፍ ማለት የሚያነብልኝ ሰው ማለት ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ በብሬል እንደ ልብ አይገኝም። ቢገኝም ቦታ ይፈጃል። በጽሑፍ አንድ ፊደል የሆነችውን «ቡ»ን በብሬል ስናነብ ተነባቢዋን ለብቻ፣ አናባቢዋን ለብቻ ነው የምንዳስሰው። ቀጭኗ ልብ ወለድ በብሬል ስትወጣ ኩንታል ታክላለች። በልጅነቴ የመጽሐፍ ረሃቤን ያስታገሰልኝ ሬዲዮ ነበር። «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲጀምር ቤታችን ጸጥ ይላል። ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርክ ቡና የምታፈላው እናቴ እንኳ ሲኒ አታንኳኳም። ያቺን የዶርም መጽሐፍ ግን በሬዲዮ ሰምቻት አላውቅም።

ጥቅምት 2016 ላይ ይህን ታሪክ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ አጫወትኳት። «ታዲያ እኛ አናነብልሽም?» አለችኝ። ያቺ ጥያቄ ናት ይህን ሁሉ ያመጣችው።

ስማችንን አትጥሪ ብላችሁኛል። እሺ። በሥራችሁ እጠራችኋለሁ።

መጀመሪያ ጋሼ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው፤ እኔንም አስተምረውኛል። «መጽሐፉን ለኔ ተዉት» አሉና ተነሡ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ዕድሜያቸው ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ አገኙት። ደስታችን አንድ ቀን አልሞላም። አራት ቅጠል ጎድሎታል። ስምንት ገጽ ማለት ነው። ሌላ መጽሐፍ ቢሆን «ይሁን» ይባላል። በወንጀል ታሪክ ግን የጎደለው ገጽ ምን እንደያዘ ማን ያውቃል? ጋሼ ለአራተኛ ጊዜ ተሳፈሩ። ወመዘክር ገብተው፣ መጽሐፉን አስወጥተው፣ ስምንቱን ገጽ በእጃቸው ገልብጠው መጡ። ያን ክፍል ያነበበችው ልጅ አንድም ስርዝ የለውም አለችኝ። ነጠላ ሰረዟ ሳትቀር አለች። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ቀጥሎ የደራሲው ልጆች። ደራሲው ካረፉ ገና 50 ዓመት አልሞላም። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የተቀበለችው የማራካሽ ስምምነት ደግሞ እንደኔ ላሉ ሰዎች የሚሆን ቅጂ ማዘጋጀትን ያቃልላል። እኔ ግን የዓይነ ስውር ብቻ የሆነ መጽሐፍ አልፈለግሁም። ሰምቼ የማወራው ሰው ከሌለ ምኑን ሰማሁት? የሚያየውም እንዲሰማው ፈልገን ልጆቻቸውን ጠየቅን። ደብዳቤያቸው በሁለት ሳምንት ደረሰን። ገንዘብ አላነሡም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑን፤ «የአባታችንን ቃል አትለውጡ።» ቃል ገባን።

ደብረ ብርሃን ላይ ድምፅ መቅዳት ከባድ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ያድራል። ክረምት ዝናቡ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ውርጩ አፍ ያስራል። መጀመሪያ አንድ ባዶ ክፍል ሞከርን፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አስቸገረን። መፍትሔ ያመጣልን አንድ የብርድ ልብስ ነጋዴ ነው። ከተማችን የብርድ ልብስ አገር አይደለች? ማታ ሱቁን ሲዘጋ የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጠን። ጣሪያ እስኪነካ በተደረደረ ብርድ ልብስ መካከል ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አለች። ገብቼ አጨበጨብኩ። ድምፁ እጄ ላይ ሞተ። እኔ ክፍልን የማውቀው በማሚቶው ነው፤ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። «እዚሁ ነው» አልኩ። ስቱዲዮአችን ያቺ ሆነች። አንድ ማይክ፣ ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ። ዘበኛው አባባ ደጅ ላይ የሚቆሙትን ባጃጆች «ሞተር አጥፉ፣ ልጆቹ እያነበቡ ነው» ይሉ ነበር። ውሾቹንም በአጥንት እያባበሉ ወደ ላይኛው ሠፈር ይወስዷቸዋል። አባባ፣ ያ አጥንት ከእራትዎ ላይ እንደነበር ዘግይቼ ነው የሰማሁት።

አሠራሩን የተማርነው ሊብሪቮክስ ከሚባል የድምፅ መጻሕፍት ድረ ገጽ ነው። ሂዩ ማክጓየር የሚባል ካናዳዊ በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። የቅጂ መብት ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍትን በጎ ፈቃደኞች ምዕራፍ ምዕራፍ ተከፋፍለው ያነባሉ። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ሰምቶ ያርማል። እነሱ ዘንድ አራሚው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ድግግሞሽ፣ ረጅም ዝምታና ጫጫታ እንዳይኖር ነው። ቃል በቃል ማመሳከር ሲፈለግ ብቻ ይደረጋል። እኛ ቃል በቃሉን መረጥን። አንደኛ ለደራሲው ልጆች ቃል ገብተናል። ሁለተኛ የወንጀል ታሪክ ነው። ደራሲ ፍንጩን የሚደብቀው አሰልቺ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ሰው የሚዘለውም አሰልቺውን ነው።

አሁን ወደ አራሚዎቹ ልምጣ። ይህን መልእክት በዋናነት የምጽፈው ለእነሱ ነው። አንባቢን ሰው ያመሰግነዋል፤ ድምፁ ይሰማላ። አራሚ ግን ሥራውን በደንብ ሲሠራ ምንም አይሰማም።

አራት ነበሩ። አንዷ አራስ ናት። ልጇን እያጠባች፣ መጽሐፉን ትራስ ላይ ዘርግታ፣ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዋ ብቻ ሰክታ ትሰማለች። ሌላው ጆሮዋ ለሕፃኑ ነው። ማስታወሻዋን በጽሑፍ ትልክልኛለች፣ ልጄ ታነብልኛለች። «ምዕራፍ 6፣ ደቂቃ 11 ከ40 ሰከንድ፣ ገጽ 47። 'ነበር' የሚለው 'ነው' ተብሏል።» ሁሌም እንዲህ ነው። አንድም ቀን «ደከመኝ» የሚል ቃል አላየንበትም።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ አፍ ግን መምረጥ አለበት። 5ኛው ምዕራፍ ላይ «ሰፊው ከበሩ ቆሞ ነበር» ይላል። አንባቢው አጥብቆ አነበበው። ለእኔም ትከሻው የሰፋ ሰው ሆኖ ታየኝ። አራሷ አስቆመችን። «አላሉት፤ ልብስ የሚሰፋው ነው» አለች። በምን አወቅሽ? ከ20 ገጽ በፊት አንድ ኮት ለጥገና ተሰጥቶ ነበር። ኮቱን ሁላችንም ረስተነው ነበር፤ እሷ አልረሳችውም። አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ ሰውየው ግን ሌላ ሰው ሆነ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ የ8ኛው ምዕራፍ ነገር ነው። ያነበበችው የመሐል ሜዳዋ ነርስ ናት። ከሥራ ስትመለስ ሁለት ባና ተከናንባ፣ ስልኳን አፏ ሥር አድርጋ ትቀዳለች። የመንዝ ለዛዋን የአዲስ አበባ አማርኛ እናስመስለው ያለ ሰው ነበር። እንቢ አልኩ። ዛሬም እንቢ እላለሁ። ታሪኩ ከእሷ ድምፅ ጋር ተጣብቆብኛል።

በዚያ ምዕራፍ ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ይጀምራሉ፤ «በዚያች ሌሊት»፣ «በዚያች ሌሊት»። ዓይኗ ከላይኛው ወደ ታችኛው ዘለለ። መካከል ያለችው ዓረፍተ ነገር ቀረች። ክፋቱ የቀረው ንባብ ግጥም ማለቱ ነው። አይጎረብጥም። አራሚዋንም፣ ሌሊት ነበር፣ አመለጣት። 19ኛው ምዕራፍ ላይ መርማሪው ስለ አንድ ሻማ ያነሣል። እኔ ሻማ የሚባል አልሰማሁም። ከ1ኛው ምዕራፍ ጀምሬ ሦስት ማታ ሙሉ እንደገና አዳመጥኩ። ሻማ የለም። አራቱም አራሚዎች ዘንድ ደወልኩ። «ሻማው የታለ?» አልኩ። አራቱም መጽሐፉን ከፈቱ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ያቺው ያመለጣት ልጅ ናት። «ገጽ 61 ላይ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። ድምፅዋ አልቅሳ እንደነበር ይናገራል። እህቴ፣ ዛሬ በሰው ፊት ልንገርሽ። አመለጠሽ፤ ማንንም ያመልጠዋል። በዚያ ብርድ ተነሥተሽ፣ 60 ገጽ መስመር በመስመር በጣትሽ እየተከተልሽ ያገኘሽውም አንቺ ነሽ። እኔ የማስታውስልሽ እሱን ነው።

ያኔ መሐል ሜዳ የሞባይል ዳታ የለም። ለነርሷ ደውለን ነገርናት። ጉንፋን ይዟት ነበር። «ድምፄ እስኪመለስ ጠብቁኝ፤ የተለጠፈ መሆኑ መታወቅ የለበትም» አለች። 11 ቀን ጠበቅን። ከዚያ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ባና ሥር ገብታ ሙሉ ገጹን ደግማ ቀዳችው። ፍላሹን ለአውቶቡስ ረዳት ሰጠችው። መንገድ ተዘጋ። ተከፈተ። ደግሞ ተዘጋ። በ9ኛው ቀን እጄ ገባ። በወረቀት ተጠቅልሏል፤ ወረቀቱ በፕላስተር ታሽጓል። በጣቴ ዳበስኩት። የቁስል ፕላስተር ነው። የጎደለችን ዓረፍተ ነገር 14 ቃል ናት። ለ14 ቃል ይህን ሁሉ ሆናችሁ። ያ የአውቶቡስ ረዳትም ሳንቲም አልተቀበለም። «የመጽሐፍ ነገር ነው አሉኝ» ብሎ ሄደ። ስሙን አልጠየቅንም። ይህ ከደረሰህ፣ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ።

ሌሎቻችሁም አላችሁ። የሸዋ ሮቢቱ ተማሪ፣ እኛ እዚህ በብርድ ስንንቀጠቀጥ አንተ ፋኑን አጥፍተህ፣ መስኮቱን ዘግተህ፣ በላብ ተጠምቀህ ሦስት ምዕራፍ ቀድተሃል። የደብረ ሲናዋ የባንክ ሠራተኛ፣ የመርማሪውን ሳል ሳይቀር ሰጥተሽዋል። በሻይ በዝንጅብል ጉሮሯችንን የጠገኑት እማማ፣ ቆሎውን ከቀረጻ በፊት የከለከሉን ትክክል ነበሩ። አንድ ዓመት ተኩል መልእክቱን ሁሉ ያነበበችልኝ ልጄ፣ መጨረሻውን አውቀሽ አንድ ጊዜ እንኳ አላንሾካሾክሽብኝም። ሁላችሁንም እንዳትነግሩኝ አስምያችሁ ነበር። ማንም አልነገረኝም።

27 ምዕራፍ፣ 9 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሆነ። በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሆነ ጥራት አንድ ደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ሙሉው ከ500 ሜጋባይት ያልፋል። ገጠር ላለ ትንሽ ስልክ ይከብዳል። ስለዚህ በ64 የተዘጋጀ፣ ግማሹን የሚመዝን ሌላ ቅጂ አለ። መነኻሪያው አጠገብ ያለው ስልክ ጠጋኝ ሚሞሪ ይዞ ለመጣ ሁሉ በነፃ ይጭናል። ዘፈን ለማስጫን የመጣውንም «ይቺን ጨምርበት» ይለዋል አሉኝ። እሱንም አመሰግናለሁ።

ግንቦት 2017፣ አንድ ሐሙስ ማታ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻዬን ሰማሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ስሙ ሲጠራ ጮህኩ። ልጄ ምን ሆንሽ ብላ እየሮጠች መጣች። አቅፋኝ ቆመች። ሻማዋ እኮ ከመጀመሪያው ነግራን ነበር።

የቀረችኝ አንቺ ነሽ። በ1986 ዓ.ም. አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ታነቢልኝ የነበርሽው። ምደባ ወዴት እንደወሰደሽ ጠይቄ አጥቻለሁ። ያኔ ሳላመሰግንሽ ተለያየን። ስታነቢ የመርማሪውን ድምፅ ታወፍሪው ነበር፤ እኔም ለአንባቢዎቹ እንዲያ አድርጉት ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ ስትሰሚው ታውቂዋለሽ። አንቺም እስከ 14ኛው ብቻ ነው ያነበብሽው። ሚሞሪሽ ቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጧል። ገዳዩ ማን እንደሆነ አልነግርሽም። ከ15ኛው ጀምሪ።