የብስክሌት ክበብ፦ ዳገት የማያውቁ ሳይክሎች

ሐዋሳ ሜዳ ናት። የትምህርት ቤታችን የብስክሌት ክበብ የዘንድሮ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ይመዘዛል። ከጥቁር ውሃ እስከ አሞራ ገደል ሰው አንዴም ማርሽ ሳይቀይር መንዳት ይችላል። ልጆቻችንም እንደዚያ ነው ያደጉት። አንድ እጅ መሪው ላይ፣ ሌላው ስልክ ላይ (ይህን ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ትቼዋለሁ)፣ መቆም ሲያስፈልግ ደግሞ የጫማ ሶል መሬት ላይ።

መስከረም ላይ 31 ተማሪ ተመዘገበ። ምክንያቱ እኔ አይደለሁም። በዚያው ሰሞን የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ኪጋሊ ላይ ነበር፤ አፍሪካ ውስጥ ሲካሄድ የመጀመሪያው ነው። ልጆቹ ስልክ እየተቀባበሉ ሲያዩት ሰነበቱ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ስነግራቸው አንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ "ቲቸር፣ እሱ እኮ የትግራይ ልጅ ነው፤ እዚያ ዳገት አለ" አለኝ። ሳቅን። ልጁ ትክክል እንደነበር የገባኝ ከወር በኋላ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወንዶ ገነት ደርሰን ለመመለስ ወሰንን። ክረምቱ ወጥቷል፤ መስኩ ገና አረንጓዴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ቆንጠጥ ያደርጋል። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኛ የያዝነው ግን ሙዝ፣ ዳቦና ቆሎ ነበር። ለወላጆች "መንገዱን ሄጄ አይቼዋለሁ" ብያቸዋለሁ። አልዋሸሁም። ያየሁት ግን ሞተር ላይ ሆኜ ነው። በሞተር ዳገት ዳገት አይመስልም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት 14 ልጆች በር ላይ ተገኙ። ሄልሜት የሌለው አይሄድም ብዬ ስለነበር ሰፈሩን ሲያስሱ ያደሩ ይመስላሉ። አንዱ የአጎቱን የሞተር ሄልሜት አጥልቆ መጣ። ጥቁር ውሃ ሳንደርስ ላቡ አንገቱ ላይ ይንቆረቆር ነበር፤ አውልቅና ተናፈስ ብለው እሺ አላለም።

አስፋልቱን ትተን ወደ ምሥራቅ በሚወስደው የገጠር መንገድ ገባን። የጂኦግራፊ መምህራችን አደራ ስላሉኝ ልጻፈው፦ የጥቁር ውሃ ወንዝ ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ለእኛ ጨለለቃ ማለት ጭቃ ነበር። መሬቱ ከላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከሥር ግን የክረምቱን ውሃ እንደያዘ ነው። ጥቁር አፈር ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጠቀለላል። ፍሬኑ ሥር ይሞላና ቸርኬውን ቀጥ ያደርገዋል። በየ50 ሜትሩ እየወረድን በእንጨት ስንፍቅ አንድ ሰዓት ሄደብን። አህያ የሚነዱ ልጆች አለፉን። ገበያ ደርሰው ሲመለሱም እዚያው አካባቢ አገኙን።

ከዚያ ዳገቱ መጣ።

ከ14ቱ ሳይክሎች ማርሹ የሚሠራው የአምስቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀሩትም ማርሽ አላቸው፤ ተነክቶ ስለማያውቅ ግን ዝጎ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቋል። ያውም ከባዱ ላይ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ይህን መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ከማስረዳት የተሻለ ትምህርት በዓመቱ አላስተማርኩም። አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ ጥርሶቹን በጣቷ ቆጠረች። ከባዱ ማርሽ ፊት 42፣ ኋላ 14 ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው ሦስት ጊዜ ይዞራል። ቀላሉ ፊት 24፣ ኋላ 28 ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። "እና እኛ እስካሁን ዳገቱን በሦስት እጥፍ ነው የምንወጣው?" አለች። አዎ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን ገፋን።

ወንዶ ገነት ደረስን። ፍል ውሃው፣ ደኑ፣ ዛፍ ለዛፍ የሚዘሉት ጉሬዛዎች፣ ሁሉም እንደሚወራው ነው። እግራችንን ነክረን ዳቦአችንን በላን። ስለ ውበቱ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ይጻፍ።

ታሪኩ ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከደኑ ሥር በእንሰት ጓሮዎች መሃል የሚወርድ፣ ጠጠር የሞላበት ጠባብ መንገድ ነው። ጎማዎቻችንን ጎሚስታው ለአስፋልት እንደሚነፋው ድንጋይ አድርጎ ነፍቶልናል፤ ጠጠሩ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራሉ። ትንሽ ማስተንፈስ እንደነበረብን ያወቅነው ኋላ ነው። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ፣ ከሁሉም ፈጣኑ፣ ቀድሞ ለቀቀው። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ደነገጠና የፊት ፍሬኑን በሙሉ እጁ ጨመቀው። ሳይክሉ ቆመ፤ ልጁ ቀጠለ። በመሪው ላይ ተገልብጦ እንሰት ውስጥ ገባ።

ሮጠን ስንደርስ ተነስቶ ተቀምጧል። ክርኑ ተልጧል፣ ሄልሜቱ ተሰንጥቋል፣ የፊት ቸርኬው ስምንት ቁጥር ሆኗል። የጓሮው ባለቤት፣ አንድ አዛውንት፣ ወጡ። "አባባ፣ እንሰቱን እንከፍላለን" አልኳቸው ገና ሳይናገሩ። እሳቸው እንሰቱን አላዩትም። "ቅጠል ነው፤ ይልቅ ክርኑን እጠቡለት" ብለው ውሃ በጆግ አመጡ። ልጁንና ሳይክሉን ሐዋሳ ያደረሰልን አይሱዙም በእሳቸው ልመና የቆመ ነው። የቀረነው ስንገባ መሽቷል። ስልኬ ደርሶ መልስ 52 ኪሎ ሜትር ቆጥሯል፤ ስንቱን በእግራችን እንደሄድነው ግን አይናገርም።

ሰኞ ጠዋት የልጁ እናት ቢሮዬ መጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ግራ ገብቷቸው ነው የመጡት። "ልጄ እኮ በእግሩ ከመሄዱ በፊት ሳይክል ነው የነዳው፤ እንዴት ይወድቃል?" አሉኝ። መልሱን ለመስጠት ቀሪው ዓመት በሙሉ ፈጀብኝ።

ከኅዳር ጀምሮ ክበቡ ዓርብ ዓርብ ጋራዥ ሆነ። የዛገ ማርሽ በጋዝ እያጠብን፣ ካቴና በዘይት እየቀባን፣ የፍሬን ሽቦ እየቀየርን ከረምን። ከ31ዱ ስምንቱ "የመጣነው ልንነዳ ነው" ብለው ለቀቁ። አልፈርድባቸውም። ጥርስ ቆጣሪዋ ልጅ ግን የጎማ ነገር ሊቅ ወጣት። ካላማዳሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃለች፤ ማስቲሹን ስስ አድርጋ ትቀባለች፤ ከዚያ ትጠብቃለች። ሌሎቹ ማስቲሹ እርጥብ እያለ ይለጥፉና መንገድ ላይ ይለቅባቸዋል። እሷ በጣቷ ነክታ ማስቲሹ ጣቷ ላይ መቅረት እስኪያቆም ድረስ ልጣፉን አታሳርፈውም። አሁን መምህራን ሳይቀሩ ጎማቸውን ለእሷ ነው የሚሰጡት።

ሜዳው ላይ ደግሞ ኖራ አስምረን ፍሬን ተለማመድን። ቁልቁለት ላይ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፤ የሚገለብጠውም እሱ ነው። በሁለት ጣት፣ ቀስ እያሉ፣ ወገብን ከመቀመጫው ወደ ኋላ አድርጎ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየነዱ ሲመጡ መጀመሪያ ሰሞን ለመቆም 11 ሜትር ይፈጅባቸው ነበር። መጋቢት ላይ ወደ 5 ወረደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ታቦር ተራራ እየወጣን ከጠጠር ጋር ተዋወቅን።

ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የሞተር ያልሆነ ሄልሜት፣ አንድ ደህና ፖምፓ፣ የሚቆለፍ ክፍል። አሁን ዕቃው ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ክፍሉም ጋዝ ጋዝ ይሸታል።

ከፋሲካ በኋላ ያንኑ መንገድ ደገምነው። 17 ሆነን ወጣን፤ ሁሉም ማርሽ ይሠራል። ለአዛውንቱ ስኳርና ቡና ይዘን ነበር፤ ተቀበሉንና ቁልቁለቱን ልናሳያቸው ከጓሯቸው በር ላይ ቆሙልን። ቀድሞ የወረደው ያው የወደቀው ልጅ ነው። መታጠፊያው ጋ ወገቡን ወደ ኋላ ሳበ፣ ሁለት ጣቱ ፍሬኑ ላይ፣ ቀስ ብሎ አለፈ። ጓደኞቹ ተከተሉት። የመጨረሻው ተራ የእኔ ነበር። ጠጠሩን አየሁ፣ መታጠፊያውን አየሁ፣ ወረድኩና ሳይክሌን ገፋሁ። አዛውንቱም "አይዞህ መምህር" አሉኝ።