ለዓይን ሐኪሟ ወዳጄ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝምታዬ ቢረዝምም ከሐሳቤ አልጠፋሽም። ሰሞኑን ስለ አንዲት ሴት ሳነብ ግን ለአንቺ ሳልነግርሽ ማደር አቃተኝ።

ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ትባላለች። በ1909 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ቱሪን ከተማ ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለደች። ሴት ልጅ ቤቷን ትያዝ የሚሉትን አባቷን አስፈቅዳ ሕክምና ተማረች። በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት የዘር ሕግ አውጥቶ አይሁዳውያንን ከዩኒቨርሲቲ አባረረ። ይህን አገዛዝ እኛም እናውቀዋለን። ከዚያ በፊት በ1937 በወረራ በያዛቸው የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከልክሎ ነበር።

ሪታ የመኝታ ክፍሏን ላቦራቶሪ አደረገችው። የልብስ ስፌት መርፌ ስላ መቅደጃ ቢላ አበጀች። የቦምቡ ድብደባ ሲበረታ ቤተሰቡ ወደ ገጠር ሸሸ፤ እርሷም በብስክሌት እየዞረች፣ ልጅ ሳይኖራት «ለልጆቼ ነው» እያለች ከገበሬዎች እንቁላል ትለምን ነበር። የምትፈልገው በውስጡ ያለውን የጫጩት ፅንስ ነው፤ ነርቮቹ እንዴት እንደሚያድጉና ለምን እንደሚሞቱ ትመረምር ነበር። ከሥራ የተባረሩት መምህሯ ጁዜፔ ሌቪም መጥተው ረዳቷ ሆኑ። ይህን ሳነብ መቀመጥ አልቻልኩም፤ እስኪ አስቢው፣ መምህር ለተማሪው ረዳት ሲሆን!

ጥናቱን ጣሊያን ውስጥ ማሳተም ስላልተቻለ ቤልጂየም ታተመ። ናዚዎች ከሥራው ያፈናቀሉት የፅንስ ተመራማሪ ቪክቶር ሃምበርገር አሜሪካ ሆኖ አነበበውና በ1947 ሴንት ሉዊስ ወሰዳት። ለጥቂት ወራት ሄዳ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየች። ነርቭን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር መኖሩን ያሳየችው እዚያ ሳለች ነው፤ የሥራ ባልደረባዋ ስታንሊ ኮኸን ለይቶ አወጣው። በ1986 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። በዚያው ዓመት የሰላሙን ሽልማት የወሰደው ከአውሽዊትዝ የተረፈው ኤሊ ዊዝል ነበር።

አይሁዳውያን ይህን ያህል ኖቤል ያገኙት በደማቸው ነው የሚሉ ሰዎችን እሰማለሁ። አልቀበለውም። ከእኚሁ ከጁዜፔ ሌቪ ተማሪዎች ሦስቱ ኖቤል አግኝተዋል፦ ሳልቫዶር ሉሪያ፣ ሬናቶ ዱልቤኮና ሪታ። ዱልቤኮ አይሁዳዊ አልነበረም። ሦስቱን ያገናኛቸው አንድ ጥብቅ መምህር ነው። በሩ ሲዘጋባቸው ደግሞ ሥራውን ያልጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ፈልጎ የሚያነብ፣ አንዱ ሌላውን የሚጠራ ሰዎች ነበሩ። እኔ የማደንቀው ይህንን ነው።

አሁን ወደ አንቺ ሙያ ልምጣ። ያ ንጥረ ነገር ዛሬ የዓይን ጠብታ ሆኗል፤ አውሮፓ ውስጥ በ2017 ተፈቅዷል። ነርቩ ተጎድቶ ስሜት ላጣና ቁስሉ አልድን ላለ የዓይን ብሌን ይሰጣል። እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ወደ አንቺ ይመጣሉ? ጠብታው ከሌለ በምን ታክሚያቸዋለሽ? ለተማሪዎቼ ላስተምረው ስለምፈልግ በዝርዝር ጻፊልኝ።

የዘወትር ወዳጅሽ