አባዬ፣ ስለ ብስክሌቱ ነው የምጽፍልህ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ስደውል «ደህና ነኝ፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑ» ትለኝና ወዲያው ስልኩን ለጋሽዬ ትሰጠዋለህ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ጋሽዬ ቁጭ ብሎ ያንብብልህ። ጋሽዬ፣ አንተም አደራ፣ ከመሃል ዘለህ እንዳታልፍ።

ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በፈረንጆቹ 2024 በፈረንሳዩ የብስክሌት ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ ላይ 3 ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ የወሰደ ጊዜ ደውለህ ነበር። «ያ ሁሉ ሜዳና ዛፍ እናንተ ጋ ነው እንዴ?» ብለህ ጠየቅከኝ። መልሱን ሳልጨርስ ኔትወርኩ ተቆረጠ። አሁን በደንብ ልንገርህ።

አዎ፣ እኛ ጋ ነው። ውድድሩ የሚያልፍ ዕለት ግን መንገዱ ይዘጋል፣ ሰው ግልብጥ ብሎ ይወጣል። እኔ የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ነው። ሁሉም ቤቱ ይገባል፣ መንገዱ ለከብቱና ለብስክሌቱ ይቀራል።

ከምንኖርባት ከሻሎን ወጣ ስትል ጂቭሪ የምትባል የወይን ከተማ አለች። ከጂቭሪ እስከ ክሉኒ ድሮ ባቡር ይሄድ ነበር። ባቡሩ ቀረ፣ ሐዲዱ ተነሳ። ከዚያ አስፋልት ተነጠፈበትና በፈረንጆቹ 1997 ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈተ። 44 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አረንጓዴ መንገድ ይሉታል፤ በፈረንሳይ የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ እሱ ነው። አሁን በየክፍለ ሀገሩ አለ። መኪና የለም። ባጃጅ የለም። ከኋላህ ጡሩምባ የሚነፋብህ የለም። ባቡር ዳገት ስለማይችል መንገዱ ድሮውኑ ለጥ ተደርጎ ነው የተሠራው። እንደ እኛ ባሕር ዳር ነው። ጉልበት አይበላም።

የድሮዎቹ የባቡር ጣቢያዎች አሁንም አሉ። ኮርማተን ላይ አረፍ እላለሁ። ግራና ቀኙ ግጦሽ ነው፣ ከብቱ ሁሉ ነጭ። ሻሮሌ ይባላል ዝርያው። አንተ ብታያቸው ቆመህ አንድ በአንድ ሳትመረምር አታልፍም። በቀስታ የሚነዱ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። ሦስት ጎማ ያለው ብስክሌት የሚነዱም አሉ፣ ሚዛን መጠበቅ የቸገራቸው። ማንም አያያቸውም፣ ማንም አይስቅባቸውም። ሲተላለፉ «ቦንዡር» ይባባላሉ፣ በቃ።

ክሉኒ ስትደርስ ገዳሙ አለ። በፈረንጆቹ 910 የተመሠረተ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሮም ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ እስኪሠራ ድረስ በክርስቲያኑ ዓለም ትልቁ ነበር። ከአብዮታቸው በኋላ አፍርሰው ድንጋዩን ሸጡት። አሁን የቆመው ጥቂቱ ክፍል ነው፣ እሱንም ቀና ብለህ ስታየው አንገትህን ያምሃል። እዚያ በቆምኩ ቁጥር የጣና ገዳማት ይታወሱኛል። የእኛዎቹ በውሃ ተከበው ተረፉ።

ከክሉኒ ወደ ማኮን ስትቀጥል ዋሻ ይመጣል። ቧ ክሌር ይባላል፣ 1.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው። ባቡሩ የሚያልፍበት ነበር። ነሐሴ ላይ እንኳ ውስጡ ብርድ ነው፣ ሹራብ ሳልይዝ አልገባም። በብርዱ ወራት ደግሞ ይዘጋል። ለምን መሰለህ? የሌሊት ወፎች ስለሚተኙበት። እንዳይረበሹ ብለው ሰውን በዙሪያው፣ በዳገቱ ይልኩታል። ይሄን ስሰማ ስንቴ አንተን አስቤሃለሁ። ለሌሊት ወፍ የሚታሰብበት አገር አለ፣ አባዬ።

ዳገት ያልወደደ ደግሞ በቦዩ ዳር ይሄዳል። ከሻሎን እስከ ዲጓን 112 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የጀልባ ቦይ አለ። ድሮ ፈረስና ሰው በዳሩ እየሄዱ ጀልባ በገመድ ይጎትቱ ነበር። ውሃ ጎን ለጎን ስለሚሄድ መንገድ ለአንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ትንንሾቹን የገጠር መንገዶች ነው። እነሱ ለመኪናም ክፍት ናቸው። ግን መኪናው የለም። ሚሽላን በሚባለው የመንገድ ካርታ ላይ ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ቀይና ቢጫ ናቸው። ነጮቹን ፈልግ። ሁለት ትልልቅ ከተሞችን በቀጥታ የሚያገናኘውን ተወው። ጠመዝማዛውን፣ ሦስት ቤትና አንድ ደወል ወዳለበት መንደር የሚወስደውን ያዝ። በክፍለ ሀገሩ መንገድ ዳር አናታቸው ቢጫ የተቀባ የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ታገኛለህ፣ እነሱን እያየህ ትሄዳለህ። ሕጉም ከብስክሌተኛ ጋር ነው። ከከተማ ውጪ ብስክሌት የሚቀድም መኪና 1 ሜትር ተኩል ርቆ ማለፍ አለበት። ሁሉም ያከብረዋል አልልህም። ትራክተር የሚነዱት ግን ዳር ይዘው እጃቸውን ያነሱልሃል።

ውሃ ሲያልቅብኝ ከየት እንደምቀዳ ብነግርህ አታምነኝም። ከመቃብር ቦታ! በየመንደሩ መቃብር አለ፣ አበባ ለማጠጣት ቧንቧ ይደረግበታል። ብስክሌተኛ ሁሉ ያውቀዋል። «የማይጠጣ» የሚል ጽሑፍ ከሌለበት ጎንበስ ብዬ ቀድቼ አማትቤ እወጣለሁ። ሱቅ አገኛለሁ ብለህ እዚያ መንደር ለመንደር ብትሄድ ትራባለህ። እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ይዘጋል፣ ሰኞ ደግሞ ብዙው ዳቦ ቤት አይከፍትም። ስለዚህ ዳቦዬን ይዤ ነው የምወጣው።

ይሄ ጸጥታ ከየት እንደመጣ አስቤበታለሁ። ሰው ስለሄደ ነው። ልጆቹ ሊዮን ገቡ፣ ፓሪስ ገቡ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ቡና ቤቱ ተዘጋ፣ መንገዱ ግን ቀረ። በመንደሮቹ ሳልፍ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ አያለሁ። ብቻውን ነው። ሰላም እለዋለሁ፣ ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለ መንገዱ አላስብም። ስለ አንተ ነው የማስበው።

ስለ ልጆቹ አልነገርኩህም። ትልቋ ቁመቷ እኔን ደርሷል። ፈረንሳይኛው ያሸንፋታል፣ ግን «አያቴ» ስትል ያለ ስህተት ነው። ትንሹ ብስክሌት ላይ እንደ አንተ ነው፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ። እዚህ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ሄልሜት መንዳት በሕግ ክልክል ነው። አያቴ ለምን ሄልሜት አያደርግም ይለኛል፣ ፎቶህን እያየ። ባርኔጣ ያደርጋል እለዋለሁ። አይበቃም ይለኛል። ባለፈው የላክነው ሄልሜት ምን ሆነ? ጋሽዬ «ቁም ሳጥን ላይ ነው» አለኝ።

እሺ። ወደ ነገሩ ልምጣ።

ድልድዩ አጠገብ መውደቅህን ጋሽዬ ነግሮኛል። አትቆጣው፣ እኔ ነኝ ያስጨነቅኩት። ለሰው ሁሉ «ፀሐይ ዓይኔን ወጋችኝ» ብለሃል አሉ። አባዬ፣ ፀሐይዋማ ድሮም ነበረች። የዓይንህ ሞራ ነው። ሞራ ያለበት ዓይን ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታው ይበተንበታል። ባጃጁን ያላየኸው ለዚያ ነው። በፊት ስትነዳ መንገዱ የናንተ ነበር። የጨርቃጨርቁ ፈረቃ ሲለቀቅ ብስክሌቱ እንደ ጎርፍ ሲወጣ አስታውሳለሁ፣ መኪናው ነበር የሚጠብቃችሁ። ያ መንገድ አሁን የለም። መንገዱ ሌላ ነው፣ ዓይንህም ሌላ ነው።

ይሄን ለመጻፍ የፈራሁት በሌላ ምክንያት ነው። ያቺን ቀይዋን ብስክሌቴን ታስታውሳታለህ? እኔ አልረሳኋትም። 7ኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የለችም። እማዬን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ጠየቅኳት። «አባትሽን ጠይቂ» አለችኝ። አንተን ጠየቅኩ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግከው። በቃ፣ ያ ነው መልሴ። ስለ እኔ ማን ምን ብሎ እንደነገረህ አውቃለሁ፣ እሱን ትቼዋለሁ። ግን ጋሽዬም በዚያው ዓመት ወድቆ ክንዱን ሰብሮ ነበር። የእሱ አልተሸጠችም። ጄሶው ሲፈታለት ተመልሶ ወጣባት። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁት።

ፈርተህልኝ እንደነበር ልጆች ከወለድኩ በኋላ ገብቶኛል። ትንሹ ወደ ዋናው መንገድ ሲጠጋ ልቤ ምን እንደሚሆን አንተ ታውቀዋለህ። ቢሆንም ሴት ስለሆንኩ ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ምናልባት እሱም ነበረበት። አንድ ቀን እንኳ «ልጄ፣ ፈርቼ ነው» ብትለኝ ይበቃኝ ነበር። እንደገና ብስክሌት ላይ የወጣሁት እዚህ አገር፣ ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ማንም በማያየኝ በዚያ በባቡሩ መንገድ ላይ ነው። እየነዳሁ አለቀስኩ። ደስታም ነበር፣ ንዴትም ነበር። ካንተ ጋር አብሬ መንዳት የሚገባኝ ዘመን አለፈ ብዬ።

ለዚህ ነው ጋሽዬ «የሰንሰለቱን ቁልፍ ልደብቅበት?» ሲለኝ እምቢ ያልኩት። አንተ እኔ ላይ ያደረግከውን እኔ አንተ ላይ አላደርግም። ብስክሌቱ ያንተ ነው። አርባ ዓመት ልጆችህን ያበላህበት ነው፣ የሚያዝዝበት አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ እለምንሃለሁ። ሞራው እስኪገፈፍ ድረስ አትውጣበት። ጠዋትም፣ ለቅዳሴም፣ «እዚህ ቅርብ ነው» ብለህም አትውጣ። እማዬ ብትኖር እሷ ትልህ ነበር፣ አሁን እኔ ነኝ የቀረሁት።

ቀዶ ጥገናው እንደምትፈራው አይደለም። ዓይኑን ብቻ ያደነዝዙታል፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይሄዳል። አንዱ ዓይን ሲድን ሌላው ይሠራል። ጎረቤታችን እትዬ ተሠርተው መርፌ ክር ሲያስገቡ በዓይንህ አይተሃል። አዲስ አበባ የምትሄደው በአውሮፕላን ነው። በመኪና እንዳታስበው፣ መንገዱን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። የቲኬቱን ገንዘብ ለጋሽዬ ልኬያለሁ። «ለቤቱ ጣሪያ ይሁን» ብለህ እንዳታዞረው። የደም ግፊት መድኃኒትህን ይዘህ ሂድ፣ ስሙ የተጻፈበትን ካርቶንም ጭምር፣ ሐኪሙ ማየት አለበት።

ከዚያ በኋላ ስለ ቪዛው እንነጋገራለን። ቀላል አይደለም፣ ወረቀቱ ብዙ ነው፣ እምቢም ሊሉን ይችላሉ። ግን እሞክራለሁ። ከተሳካ ግንቦት ላይ ነው የምትመጣው፣ ብርዱ ለቆ፣ ዋሻውም ተከፍቶ። ከጂቭሪ ተነስተን የቻልነውን ያህል እንሄዳለን። ኮርማተን ከደከመህ ባለቤቴ በመኪና መጥቶ ይወስደናል። ሄልሜቱን ግን ትንሹ ራሱ ነው የሚያስርልህ፣ ከእሱ አታመልጥም።

የቀጠሮው ቀን እንደተቆረጠ ጋሽዬ ይደውልልኝ። ከሥራ ፈቃድ የምጠይቀው ቀኑን ሳውቅ ነው። አዲስ አበባ መጥቼ አብሬህ እገባለሁ፣ ጠብታውንም እኔ ነኝ የማደርግልህ። የመጀመሪያውን ሳምንት ለሌላ ሰው አልሰጥም።

ልጅህ
ሻሎን