እማዬ አዩታያ ውላ መጣች

ባንኮክ፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ትርሲትዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህችን ቃል ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ጊዜ ጽፌ ስንት ጊዜ እንደ ሰረዝኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ሳላስረዝማት ልለፍ፤ ካስረዘምኳት ይህም ደብዳቤ እንደ ሌሎቹ ሳይላክ ይቀራል። ድንኳኑ ሳይነሣ፣ ለቀስተኛው እየሰማ፣ በራችሁ ላይ ቆሜ ያልኩሽን አልረሳሁትም። አንቺም አልረሳሽውም። እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ዛሬ የዋልንበትን ላውራሽ፤ ከአንቺ በቀር የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እማዬን ይዤ ባንኮክ ከገባሁ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነው። አብዛኛው የአገራችን ሰው ወደዚህ የሚመጣው ወይ ለንግድ ወይ ለሕክምና ነው፤ እኛ ደግሞ ነጋዴዎች አይደለንም። ሰኞ ከጡቷ በመርፌ ናሙና ወሰዱላት። ውጤቱ ዓርብ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ለአንቺ አልነግርሽም።

ትናንት ማታ ሆቴሉ መግቢያ ላይ የአዩታያን የአንድ ቀን ጉብኝት ማስታወቂያ አየሁና ሐኪሟን ጠየቅኩ። ቀስ ብላ ትሂድ፣ ፀሐይ አይምታት፣ ዕቃ አትሸከም አለኝ። እኔ እምቢ የምትል መስሎኝ ነበር። «የድሮ የቡድሃ መቅደሶች ናቸው፤ ፈራርሰዋል፤ የምናየው ፍርስራሽ ነው» አልኳት። «ፍርስራሽ ለጎንደር ልጅ አዲስ ነው እንዴ?» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

አዩታያ ከባንኮክ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዘጠኝ ሆነን በሚኒባስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። አስጎብኚያችን በእማዬ ዕድሜ ያሉ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ እርምጃቸው የማይቸኩል። በሾፌሩ ፊት የተለጠፈው ቀን መቁጠሪያ 2569 ይላል። እማዬ ስህተት መስሏት ጠይቂልኝ አለችኝ። ስህተት አይደለም፤ የሚቆጥሩት ከቡድሃ ዕረፍት ጀምሮ ነውና ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማሉ። እኛ ገና 2018 ላይ መሆናችንን ስነግራቸው ሴትዮዋ በጣታቸው አስልተው 551 ዓመት መራራቃችንን አገኙ። እማዬ «እኛ ዘግይተን እነርሱ ቸኩለው አንድ መኪና ውስጥ ተገናኘን» አለች። ይህን ስተረጉምላቸው እጇን ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልለቀቋትም።

የከተማዋን ታሪክ በአጭሩ ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። አዩታያ የሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ፣ ዋና ከተማ ነበረች፤ በ1350 ተቆረቆረች፤ ሦስት ወንዞች ደሴት አድርገዋታል። ከአራት መቶ ዓመት በላይ ነገሥታት ተፈራርቀውባታል፤ ፖርቱጋሉም ጃፓኑም ፋርሱም የየራሱን ሰፈር ይዞ ነግዶባታል። በ1767 የበርማ ሠራዊት ከአንድ ዓመት በላይ ከበባ በኋላ ሰብሮ ገብቶ አቃጠላት። ከእሳቱ የተረፈውን ጡብ ደግሞ ባንኮክን ሲሠሩ በወንዝ እየጫኑ ወሰዱት። አንቺ ዓመተ ምሕረት እንደማይያዝልሽ አውቃለሁ፤ የታሪክ ፈተናን ሁሉ በእኔ ደብተር አይደል ያለፍሽው? ይህችን ግን ያዢልኝ፦ በመጨረሻ ያየነው መቅደስ የተጀመረው በ1630 ነው፤ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636። እነዚህ ጡብ ሲደረድሩ የእኛዎቹ ኖራ ለማቡካት ስድስት ዓመት ብቻ ነበር የቀራቸው። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን እንዳባረሩ ሁሉ እነዚህም በ1688 ፈረንሳዮቹን ከአገራቸው አስወጥተዋል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጀርባችንን የምንሰጠው ያ የግንብ አጥር ትዝ ብሎኝ እጄን በጡቡ ላይ አሳረፍኩት። ሙቀቱ እንኳ ያው ነው።

መጀመሪያ የገባንበት መቅደስ፣ ዋት ያይ ቻይ ሞንግኮን፣ ዛሬም መነኮሳት ይኖሩበታል። በግቢው ዙሪያ የተደረደሩት የቡድሃ ምስሎች ሁሉ ቢጫ ጨርቅ ተጎናጽፈዋል። እማዬ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን አውልቃ እጇ ላይ ያዘች። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ደጁ ላይ ቆማ አየች። «እንደ እኛ ባሕታውያን ቢጫ ለብሰዋል» አለችኝ በለሆሳስ፣ የሚሰማት ያለ ይመስል።

ዋት ማሃታት ላይ ግን ቀኑ ተለወጠ። እዚያ አንድ የቆየ ዛፍ አለ፤ ሥሮቹ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው አንድ የድንጋይ ራስ አቅፈዋል። የቡድሃ ራስ ነው፤ ገላ የለውም፤ ፊቱ ብቻ በሥሮቹ መካከል እንደ ተኛ ሰው ጸጥ ብሎ ይታያል። አንዳንዱ ሌቦች ሊወስዱት ቆርጠው ከብዷቸው ጥለውት ሄደው ዛፉ በላዩ በቀለ ይላል። ራሱ ያለው ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ከእርሱ ከፍ ብሎ እንዳይቆም ዝቅ ማለት ግዴታ ነው፤ ጠባቂው ቆሞ ያያል። ሁሉም ቁጢጥ አለ። እማዬ ቆማ ቀረች። አውቃታለሁ፤ ለምስል ጉልበቷን አታጥፍም። ልመልሳት ስል አስጎብኚዋ ቀስ ብለው «ስግደት አይደለም፤ የወደቀን ራስ ቁልቁል ላለማየት ነው» አሉኝ። ተረጎምኩላት። ትንሽ አሰበች። «ለወደቀማ ይጎነበሳል» አለችና ለቅሶ ቤት እንደ ደረሰ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አገጯ ድረስ አዘቅዝቃ እንደነበር ያየሁት ኋላ ፎቶግራፉን ስመለከት ነው።

ከዚያ ዞር ስትይ ግቢው በሙሉ ራስ የሌላቸው ምስሎች ነው። በረድፍ ተቀምጠዋል፤ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ አርፈዋል፤ አንገታቸው ላይ ጡቡ ወጥቶ ይታያል። ከፊሉን ጦርነቱ ሰብሮታል፤ ብዙውን ግን ከዚያ በኋላ የመጡ ዘራፊዎች ለገበያ ቆርጠው ወስደውታል። በዚያው ጎረቤት ባለው ዋት ራቻቡራና በ1957 ሌቦች ከመሬት በታች ያለውን ክፍል ሰብረው የነገሥታቱን ወርቅ ዘርፈዋል። ዋት ፕራ ሲ ሳንፔት በወርቅ የተለበጠ 16 ሜትር የቆመ ቡድሃ ነበረው፤ የበርማ ወታደሮች ወርቁን ለማቅለጥ እሳት ለቀቁበት። እማዬ ይህን ስትሰማ ምላሷን መታች። «የእኛንስ ድርቡሽ አቃጠለው፤ ቤተ መቅደሱ ተቃጥሎ ሰው ምን ሆነ?» አለች። አስጎብኚዋ ብዙው ሰው ተማርኮ ወደ በርማ እንደ ተወሰደ ነገሯት። እማዬ የምትጠይቀው ሁልጊዜ ስለ ሰው ነው፤ ስለ ድንጋይ አትጠይቅም።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ዛሬ ረቡዕ ነው። የንስሐ አባቷ ለሕመሟ ሲሉ ፈቅደውላታል፤ እርሷ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለች። አስጎብኚዋ ነገሩን ሲረዱ ለአብሳይዋ «ጄ» የምትል አንዲት ቃል ተናገሩ፤ ሥጋም፣ እንቁላልም፣ የዓሣ መረቅም፣ ሽንኩርት እንኳ የሌለበት ምግብ ማለት ነው። ሩዙንና ቅጠላ ቅጠሉን በዕቃ ቋጥረው ሰጧት። የእነርሱ መነኮሳት ደግሞ ከእኩለ ቀን በኋላ እህል አይቀምሱም። የእኛዎቹ ቀኑን ጾመው ወደ ማታ ይበላሉ፤ እነርሱ ጠዋት በልተው ማታ ይጾማሉ። እማዬ በዚህ እንደ ልጅ ተደሰተች። «እንግዲህ እግዜር በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ የሚጾምለት አያጣም» አለች።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እጄ ስለ ፈራ ነው እስከዚህ ያዞርኩሽ።

የመጨረሻው ዋት ቻይዋታናራም ነው፤ ከደሴቷ ውጪ፣ በቻኦ ፕራያ ወንዝ ምዕራብ ዳር። መካከለኛው ግንብ 35 ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ ቅርጹ እንደ በቆሎ እሸት ነው፤ ትንንሾች ግንቦች ከበውታል። በዙሪያው 120 የተቀመጡ ቡድሃዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ራስ የላቸውም። የወንዙ ንፋስ ይነፍሳል፤ ፀሐይዋ ወደ ጡቡ ጋደል ብላ ቀይ አድርጋዋለች። አስጎብኚዋ ይህን ንጉሥ ፕራሳት ቶንግ እናቱ ትኖርበት በነበረው ቦታ ለመታሰቢያዋ እንዳሠራው ነገሩን። ተረጎምኩላት። እማዬ ጥላው ሥር ተቀምጣ የተቋጠረላትን ሩዝ መብላት ጀምራ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጎርሳ፣ አላምጣ፣ ውጣ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ያንን ሁሉ ተናግሮ አንቺ አንድ ነገር ብቻ ነገርሽኝ። እንግሊዝኛ ባልሰማም ርዝመት አውቃለሁ። እኔ ግንብ አልልሽም። ዓርብ የሚለውን ሁሉ እንዳለ አምጪልኝ። ራሱን ቆርጠሽ ገላውን እንዳታሳይኝ።»

ምንም አላልኳትም። ሐኪሙ ያየው ነገር እንደሚያሳስበው ተናግሮ ነበር፤ እኔ «ለማረጋገጥ ያህል ነው» ብዬ ነው የተረጎምኩላት። ሆስፒታሉ አስተርጓሚ ልመድብ ሲል እኔ አለሁ ያልኩትም ለዚሁ ነው፤ ቃሉ በእኔ በኩል እንዲያልፍ፣ የከበደውን እንዳስቀር። ፍቅር መስሎኝ ነበር። በዚያ ሁሉ አንገት መካከል ተቀምጬ ስሰማት ግን ፊቴን የማስቀምጥበት አጣሁ።

ትርሲት፣ «ነግረሽ ገደልሻቸው» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ለእናትሽ ለእትዬ ሙሉ፣ እውነቱን ስለ ነገርሻቸው። እርሳቸው ጠይቀውሽ እንደ ነበር እንኳ ሳልጠይቅሽ። ከነገርሻቸው በኋላ በነበሯቸው ወራት የሠሩትን አሁን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ፦ ከእህታቸው ጋር መታረቃቸው፣ ቆረቡ መባላቸው፣ ያንን ሁሉ ዕቃ በየስሙ ለይተው ማስቀመጣቸው። ለእኔም መቀነት ትተውልኝ ነበር። መጥቼ አልወሰድኩትም። አሁንም አንቺ ዘንድ ከሆነ... ይቅር፣ ዛሬ እርሱን አልጠይቅሽም።

የምጠይቅሽ ይህን ነው። በምን ቃል ነገርሻቸው? የበሽታውን ስም ጠራሽው ወይስ እርሳቸው ቀድመው ጠሩት? ቀን ነበር ማታ? ብቻሽን ነበርሽ ወይስ ሰው ነበረሽ? ከነገርሻቸው በኋላ ዝም ሲሉ አንቺ ምን አደረግሽ? እኔ እስካሁን የማውቀው መደበቅ ብቻ ነው። በአባዬም ጊዜ እንደዚያው ነበር ያደረግነው፤ ታውቂያለሽ። ምናልባት ውጤቱ መልካም ይሆናል፤ ሐኪሙም ተስፋ አልቆረጠም። መልካምም ቢሆን ግን ሙሉውን የምነግርበት አፍ ያስፈልገኛል፤ ያንን አፍ ካንቺ በቀር የሚያስተምረኝ የለም።

እኛ ከእናንተ በአራት ሰዓት እንቀድማለን። የዓርቡ ቀጠሮ በእኛ ጠዋት አራት ሰዓት ነው፤ አንቺ ዘንድ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በፊት በፈለግሽው ሰዓት ደውይልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን አነሣለሁ። መደወል ከከበደሽ ሁለት መስመር ጻፊልኝ። ስልኬ አልተለወጠም።

ነገ አስተርእዮ ማርያም ናት። እማዬ ሌሊት ለጸሎት ልትነሣ በጊዜ ተኝታለች፤ ነጠላዋ ላይ የአዩታያ ቀይ አቧራ ስላለ አጥቤ ወንበር ላይ ዘርግቼዋለሁ። ስንመለስ መንገድ ላይ ሮቲ ሳይ ማይ የሚሉትን ጣፋጭ ይሸጡ ነበር፤ እንደ ፈትል የቀጠነ ባለ ቀለም ስኳር ነው፤ በስስ ቂጣ ይጠቀለላል። ሁለት ከረጢት አስገዛችኝ። ሁለተኛው የማን ነው ስላት «የትርሲት ነዋ» አለችኝ፣ ትናንት ከቤታችን የወጣሽ ይመስል። ሻጯ ቂጣው ቶሎ ይበላሻል ስላለችን እማዬ ስኳሩን ብቻ ለይታ በሻንጣዋ ከልብሶቿ መካከል አስቀምጣዋለች።

ያንቺው
ሰብለ