የመብረቅ ቁጥር ሲወጣ ዓይነቱና መሣሪያው ይገለጽ

ለአዘጋጁ፦

ስለ መብረቅ በሚወጡ ጽሑፎች የየአካባቢው ቁጥር ጎን ለጎን ይቀርባል፤ የትኛው የመብረቅ ዓይነት በምን መሣሪያ እንደተቆጠረ ግን አይገለጽም። ጅማን ለመሰለ ዝናባማ አካባቢ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

አብዛኛው መብረቅ መሬት አይደርስም፤ እዚያው ደመናው ውስጥ ብልጭ ብሎ ያልቃል። ሰውና ከብት የሚገድለው፣ ዋንዛውን ከጫፍ እስከ ሥር የሚሰነጥቀው ወደ መሬት የሚወርደው ነው። የሁለቱ ድርሻ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ የሚያዳምጡ የምድር ጣቢያዎች፣ ሞገዱ ለእያንዳንዳቸው የደረሰበትን ቅጽበት አነጻጽረው መብረቁ የወደቀበትን ቦታ ያሰላሉ። በብዛት የሚይዙት ግን ወደ መሬት የሚወርደውን ኃይለኛውን ነው፤ ደካማው ያመልጣቸዋል። ጣቢያ በሳሳበት አገር ደግሞ የሚያመልጠው ይበዛል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጠቀችው የአውሮፓ ሜቲዮሳት ሳተላይት አፍሪካንም እያየች ብልጭታውን በ777.4 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ትለቅማለች። ሁለቱንም ዓይነት ታያለች፤ መሬት የነካውን ግን ለይታ አትነግረንም። የጣቢያን ቁጥር ከሳተላይት ቁጥር ጋር ማወዳደር አንባቢን ያሳስታል።

ስለዚህ ቁጥር ስታወጡ ዓይነቱንና መሣሪያውን አብራችሁ አስፍሩ። የጅማ ኤፍ ኤም ጣቢያዎችም ከመጋቢት ጀምሮ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይህን ያስነግሩ፦ ብልጭታው በታየ በ30 ሰከንድ ውስጥ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ያለው ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ነው። ከቡና ጥላ ዛፍ ሥር ፈጥኖ ወጥቶ ቤት መግባት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አለመውጣት ያስፈልጋል።

አንባቢ፣ ከጅማ