የካምቦዲያን ሙዚቃ ለልጆች በቺንግ ጀምሩላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ልጆችን ከካምቦዲያ ባህላዊ ሙዚቃ ጋር የሚያስተዋውቁ ሰዎች ሮኒያት ኤክ ከሚባለው ዛይሎፎን (ርብራቦቹ በመምቻ እየተመቱ ከሚጫወቱት መሣሪያ) መጀመር ይወዳሉ። ሳጥኑ ጀልባ ስለሚመስል ልጅ ይስባል። እኛ ግን መጀመሪያ ልጁ እጅ ላይ መግባት ያለበት ቺንግ ነው እንላለን።

ቺንግ በገመድ የተያያዙ፣ ወፈር ያሉ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ክዳኖች ናቸው። የቤተ መንግሥቱን ውዝዋዜ በሚያጅበው የፒንፒያት ቡድን ውስጥ ምቱን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ጠርዝ ለጠርዝ ነክተው ወዲያው ሲለቀቁ «ቺንግ» ብለው ያስተጋባሉ፤ ተገጥመው ሲያዙ «ቼፕ» ብለው ይታፈናሉ። ልጆች ነሐሱን ጨምድደው ስለሚይዙት ሁለቱ ድምፆች አይለዩም። መያዝ ያለበት ከገመዱ ሥር ነው።

ከአያያዙ ይልቅ የሚያስቸግረው የምቱ ክብደት ነው። «አንድ» ላይ መጫን የለመደ ልጅ «ቺንግ»ን ያጠብቃል፤ በክመር (በካምቦዲያ ዋነኛ ሕዝብ) ሙዚቃ ግን ክብደቱ የሚያርፈው መዝጊያው «ቼፕ» ላይ ነው። መሣሪያው ከመነሳቱ በፊት በአፍ «ቺንግ፣ ቼፕ» እያሉ «ቼፕ» ላይ እግር ማስረገጥ ይረዳል። ይህ ሳይገባው ወደ ዜማ የሄደ ልጅ ሁልጊዜ ቀድሞ ይጨርሳል።

ዜማውን በፒያኖ ማስጠናት ደግሞ ጆሮ ያበላሻል። የክመር ቅኝት ኦክታቩን (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ድምፅ ያለውን ርቀት) ለሰባት፣ እኩል ለማለት በሚያስደፍሩ እርከኖች ይከፍላል፤ የፒያኖው ሙሉና ግማሽ ድምፅ ከዚያ ጋር አይገጥምም። ከዚያ በኋላ ልጁ ደህናውን ሮኒያት «ቅኝቱ ወጥቷል» ይላል። በእርግጥ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ከሮኒያቱ 21 ርብራቦች ሥር የእርሳስና የሰም ድብልቅ ይለጠፋል፤ በኃይል ሲመታ ይረግፋል፣ የዚያ ርብራብ ድምፅም ይቀጥናል። አንዱ ብቻ ቀጥኖ ከተሰማ ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ።

ኖታም ለጀማሪ አንመክርም። በፒንፒያት እያንዳንዱ መሣሪያ አንዱን ዜማ በራሱ መንገድ ስለሚያስጌጠው አንድ ወረቀት ሁሉንም አይዝም። የድምፅ ቅጂ ግን የግድ ነው፦ ካምቦዲያን በገዛው በክመር ሩዥ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1975–1979) እጅግ ብዙ ሊቃውንት ሲያልቁ በቃል የያዙት ዜማ አብሯቸው ሄዷል።

መሣሪያን በእግር መሻገር በካምቦዲያ ነውር መሆኑንም ልጆች ገና በመጀመሪያው ቀን ይወቁት። በተለይ ሳምፎ የተባለው ባለ ሁለት ፊት ከበሮ የመምህራን መንፈስ እንዳለበት ተቆጥሮ ይከበራል። ከጨዋታ በፊት ለመምህራን የሚደረገውን የአክብሮት ሥርዓት፣ ሳምፔያ ክሩን፣ ቆርጦ ድምፁን ብቻ ማስተማር ጎደሎ ነው።

የሙዚቃ መምህራን