ለልጄ፦ ስለ ሌሊት ትንፋሽህ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኛ ደብረ ማርቆስ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለቤትህ ሌሊት ስታንኮራፋ ቆይተህ ድንገት ጸጥ እንደምትል፣ ከዚያም እንደታነቀ ሰው አየር እየሳብክ እንደምትባንን ነግራኛለች። ማንኮራፋቱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። የሚያሰጋኝ ጸጥታው ነው።

ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስም ወደ ኋላ ይሸሻል። መተንፈሻው ሲዘጋ ደረት ይታገላል እንጂ አየር አይገባም። ይህ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆየ ሐኪም አንድ ብሎ ይቆጥረዋል፤ ቁጥሩ በሰዓት 30 ካለፈ፣ ስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ) የሚባለው ሕመም ከባድ ነው።

ብዙ ሰው በዚያን ጊዜ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ወዲያው የሚቀንስ ይመስለዋል። መጀመሪያ ግን ይጨምራል። የታፈነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአንጎልን ደም ስሮች ያሰፋቸዋል፤ የጠዋት ራስ ምታትህም ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ጉሮሮው ሲከፈት የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ወዲያው ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወርዳል፣ ደም ስሮቹ ይጠባሉ፣ የደሙም ፍሰት ከወትሮው በታች ይሆናል፤ ኦክስጅኑ ደግሞ ገና በቅጡ አልተመለሰም። ክፉዋ ሰዓት ያቺ ናት። ይህ ሌሊቱን ሙሉ ለዓመታት ሲደጋገም የደም ስሮቹ ውስጠኛ ገጽ ይጎዳል፣ አንጎልም የደሙን መጠን ማስተካከል ያቅተዋል። ለስትሮክ የሚያጋልጠው አንዱ መንገድ ይህ ነው።

እስክትመረመር ድረስ በጎንህ ተኛ፤ ከካናቴራህ ጀርባ ኪስ አሰፍተህ ትንሽ ኳስ ብትከትበት በጀርባህ መተኛት አይመችህም። ማታ ማታ አረቄ ተው፤ ጉሮሮን ያላላል፣ መባነኑንም ያዘገያል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን እንዳትነካ።

ሲፓፕ የሚባለው፣ በጭምብል አየር የሚገፋ መሣሪያ ከታዘዘልህ፣ ኦክስጅን አይሰጥም፤ በአየር ግፊት ጉሮሮውን ከፍቶ ይይዛል። ጭምብሉ ዳርና ዳሩን አየር ካስወጣ ግፊቱ ይጎድላል፣ ዓይንህንም ያደርቃል፤ ማሰሪያውን ተኝተህ አስተካክለው እንጂ ቆመህ አታጥብቀው። ፊትህ የሚያርፍበትን ጎማ በየቀኑ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠበው። ቢያንስ 4 ሰዓት ይባላል እንጂ እንቅልፍህን ሙሉ ብታደርገው ነው የሚሻልህ።

አንተ ስትተኛ ባለቤትህ በስልኳ ትቅረጽህ፤ ቪዲዮውን ይዘህ አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ የደም ግፊትህንም ተለካ። ቀን እያንቀላፋህ ከሆነ ግን እስክትታከም ድረስ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪናህን ይዘህ የአባይን በረሃ እንዳትወርድ፣ አደራ።

አባትህ